የጦር ጉዳተኛ በሕመም ሲያርፍ፤ የቤተሰቡ መብትና የሚደረግለት ድጋፍ

በግዳጅ ላይ ቆስሎ አካሉ የጎደለ የሠራዊት አባል ከተሰናበተ በኋላ ረጅም ዘመን ሊኖር ይችላል። ትዳር ይመሠርታል፤ ልጆች ያሳድጋል፤ በሚከፈለው የጡረታ አበል ቤቱን ይደጉማል። በመጨረሻም እንደማንኛውም ሰው ታሞ ያርፋል። በዚህ ጊዜ በርካታ ቤተሰቦች «የሞተው በጦር ሜዳ ሳይሆን በአልጋው ላይ ስለሆነ ከእንግዲህ የምንጠይቀው የለም» ብለው ያስባሉ። አበሉም የሟቹ የግል ገንዘብ ስለነበረ ከእርሱ ጋር ያበቃለት ይመስላቸዋል። በዚህም ምክንያት በሕግ የተረጋገጠላቸውን መብት ሳይጠይቁ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሁለት ነገሮችን ለማስገንዘብ ነው። አንደኛው፣ የጡረታ አበል ሲከፈለው የነበረ የጦር ጉዳተኛ በሕመም ቢያርፍም በሕግ የተለዩት የቤተሰቡ አባላት የተተኪነት መብት ያላቸው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ መብት በራሱ ጊዜ ወደ ቤተሰቡ የማይመጣ መሆኑ ነው። መጠየቅ፣ በማስረጃ መደገፍና በጊዜው መቅረብ ይኖርበታል።

የሞቱ ምክንያት ሕመም መሆኑ መብቱን ያስቀራልን?

የመከላከያ ሠራዊትና የፖሊስ አባላት የጡረታ መብት የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። አፈጻጸሙን የሚመራው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው።

ሟቹ በሕይወት ሳለ የአገልግሎት ጡረታም ሆነ የጉዳት ጡረታ አበል ሲከፈለው የነበረ ከሆነ፣ የተተኪዎቹ መብት የሚመነጨው ከዚያው አበል ነው። ስለዚህ ሟቹ ያረፈው በስኳር ሕመም፣ በካንሰር፣ በሳንባ ምች ወይም በሌላ ደዌ መሆኑ በተተኪዎች መብት ላይ ልዩነት አያመጣም። ተቋሙ የሚያጣራው ሟቹ ባለ አበል መሆኑን፣ ማረፉንና ጠያቂው በሕጉ መሠረት ተተኪ መሆኑን ነው። ቤተሰቡ «የቆሰለው በእግሩ ነበር፤ የሞተው ግን በጉበት ሕመም ነው» በሚል ስጋት ከመጠየቅ ወደኋላ ሊል አይገባም።

የሞቱ ምክንያት ወሳኝ የሚሆነው በሌላ ሁኔታ ነው። ሟቹ ዘላቂ አበል ሳይወሰንለት በአንድ ጊዜ በሚከፈል ዳረጎት ብቻ የተሰናበተ እንደሆነ፣ ወይም 10 ዓመት አገልግሎት ሳይሞላ ያረፈ እንደሆነ፣ ሞቱ በግዳጅ ላይ ከደረሰው ጉዳት የመነጨ መሆን አለመሆኑ የቤተሰቡን መብት ሊለውጠው ይችላል። በዚህ ጊዜ የሕክምና ማስረጃ ከሁሉም በላይ ክብደት ይኖረዋል።

አንድ ጉዳት ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሞት የሚያበቃ ሕመም ሊያስከትል እንደሚችል የታወቀ ነው። አከርካሪው ተመትቶ ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀስ ሰው በሚተኛበት ጎኑ በሚወጣ ቁስልና በሚደጋገም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምክንያት ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ጭንቅላቱ ላይ የቆሰለ ሰው ለሚጥል በሽታ ሊጋለጥ ይችላል። ደረቱ ላይ ፍንጣሪ የቀረበት ሰው የመተንፈስ ችግር ሊከተለው ይችላል። በሞት ማስረጃው ላይ «የኩላሊት ሥራ ማቆም» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ የኩላሊቱን ሕመም ከቀድሞው ቁስል ጋር የሚያያይዘው ሐተታ ተለይቶ ካልቀረበ በቀር መርማሪው አካል ግንኙነቱን ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሟቹን ሲከታተል የነበረውን ሐኪም ወይም የጤና ተቋም የሕመሙን አመጣጥ ከመጀመሪያው ጉዳት ጀምሮ የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጠው በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ ሁለት ልማዶች ቤተሰብን ይጎዳሉ። የመጀመሪያው፣ ሕመሙን ከሰው ለመሸሸግ ሲባል ለመዝጋቢው ወይም ለሐኪሙ ትክክለኛውን ምክንያት አለመናገር ነው። ከጎረቤት መሰወር የቤተሰቡ ፈንታ ነው፤ ከማስረጃ ሰጪው አካል መሰወር ግን መብትን ያሳጣል። ሁለተኛው፣ ሐዘኑ እንዳይታወስ በማለት የሟቹን የሕክምና ካርድ፣ የራጅ ፊልምና የመድኃኒት ማዘዣ መጣል ወይም ማቃጠል ነው። ቀብር በአብዛኛው በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚፈጸም፣ በተለይ ሟቹ ያረፈው በቤቱ ከሆነ፣ ከእነዚህ ወረቀቶች የተሻለ ምስክር ላይገኝ ይችላል።

ተተኪዎች የሚባሉት እነማን ናቸው?

በጡረታ ሕጉ ተተኪ የሚባሉት የሟች ሚስት ወይም ባል፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በሟቹ ድጋፍ ይተዳደሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። አካል ጉዳተኛ ለሆነ ልጅ ሕጉ የተለየ ድንጋጌ ስላለው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ዕድሜው ከ18 ዓመት ቢያልፍም ጉዳዩን ለይቶ ማቅረብ አለበት። የሟች ወንድሞችና እኅቶች የቱንም ያህል ቢቀርቡት በዚህ ሕግ ተተኪዎች አይደሉም።

የአበሉ መጠን የሚሰላው ሟቹ ያገኝ ከነበረው የጡረታ አበል ነው። ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ይረዱ ለነበሩ አባትና እናት ለእያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይታሰባል። ለአብነት ያህል፣ በወር 4,000 ብር ሲከፈለው የነበረ ሰው ሚስትና ሁለት ትንንሽ ልጆች ትቶ ቢያርፍ፣ ለሚስቱ 2,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 800 ብር፣ በድምሩ 3,600 ብር ይሆናል። በእርሱ ትረዳ የነበረች እናት ካለች የእርሷ 600 ብር ሲደመር ስሌቱ 4,200 ብር ይደርሳል። ይሁን እንጂ የተተኪዎች አበል ድምር ሟቹ ያገኝ ከነበረው ሊበልጥ ስለማይችል የእያንዳንዳቸው ድርሻ በተመጣጣኝ ይቀነሳል።

ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው፣ ልጆችና አረጋውያን ወላጆች በስማቸው ተለይተው መጠየቅ ያለባቸው መሆኑን ነው። እናት የራሷን 50 በመቶ ብቻ ጠይቃ የልጆቹን ብትተው የልጆቹ ድርሻ ወደ እርሷ አይዞርም። አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከተውን ጉዳይ በሕይወት ያለው ወላጅ በሞግዚትነት ያስፈጽማል። እናትም አባትም የሌሉ እንደሆነ ሞግዚት በሕጉ መሠረት ይሰየማል።

የተተኪ አበል ውርስ አይደለም

ከሐዘን በኋላ በቤተሰብ መካከል ቅሬታ ከሚያስነሡ ጉዳዮች አንዱ አበልንና ውርስን አደባልቆ መመልከት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 828፣ በሟቹ ሞት ምክንያት ለዘመዶቹ ወይም ለትዳር ጓደኛው የሚከፈል ጡረታና ካሣ የውርስ ሀብት ክፍል እንደማይሆን ደንግጓል። ከዚህ የሚከተሉት ውጤቶች ይመነጫሉ፦

- የተተኪ አበል ለወራሾች አይከፋፈልም። አካለ መጠን የደረሱ ልጆች የአባታቸው ወራሾች ቢሆኑም፣ ከእናታቸው የተተኪ አበል ድርሻ ሊጠይቁ አይችሉም።
- ሟቹ በኑዛዜ አበሉን ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ አይችልም።
- የሟቹ ዕዳ የሚከፈለው ከውርስ ሀብቱ ነው። አበዳሪ ነኝ የሚል ሰው የሚስትን ወይም የልጆችን የተተኪ አበል በመያዣነት ሊረከብ፣ የባንክ ደብተራቸውን ሊወስድ መብት የለውም።

በአንጻሩ በሟቹ ስም በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ቤትና ሌላ ንብረት በውርስ ሥርዓት ይታያል። ለዚህ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ያስፈልጋል። እዚህም ላይ አንድ ቅደም ተከተል ሊዘነጋ አይገባም። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ጋብቻ በሞት ሲፈርስ በመጀመሪያ ሚስት ወይም ባል ከጋራ ሀብት ላይ የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ውርስ የሚሆነው የሟቹ ድርሻ ብቻ ነው። የቤቱ ካርታ ወይም የመሬት ይዞታ ደብተሩ በሟቹ ስም ብቻ መጻፉ፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን ንብረት የግሉ አያደርገውም።

ከአርባው በፊት መፈጸም ያለበት

በአገራችን ልማድ ቤተሰቡ ሰልስቱን፣ ሰባቱን፣ አርባውን በሐዘን ያሳልፋል። ጉዳይ ማስፈጸምም «ከአርባው በኋላ» ተብሎ ይቀጠራል። የሐዘን ሥርዓት ሊከበር ይገባዋል። ይሁንና የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። አርባው ሲወጣ ይህ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ከተወሰነው ቀን በኋላም ምዝገባ አይከለከልም፤ ነገር ግን ተጨማሪ ማጣራትና ውጣ ውረድ ያስከትላል። ከሁሉም በላይ የሞት የምስክር ወረቀት ሳይኖር የተተኪ አበል ጥያቄ፣ የወራሽነት ማስረጃም ሆነ የባንክ ጉዳይ ሊቀጥል አይችልም።

ሞትን ለማስመዝገብ ግን ባል የሞተባት ሴት ራሷ ከቤት መውጣት አይጠበቅባትም። ከሟቹ ጋር አብሮ ይኖር የነበረ ሰው፣ እርሱ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድም ከሌለ ጎረቤት ሊያስመዘግብ ይችላል። ይህ በተለይ ዒዳ ላይ ለሚቀመጡ ሙስሊም እኅቶች፣ ለአረጋውያንና ሐዘኑ ለጸናባቸው ቤተሰቦች ጠቃሚ ነው። ሟቹ ያረፈው በጤና ተቋም ከሆነ ተቋሙ የሚሰጠውን የሞት ማሳወቂያ ወረቀት ከአስከሬኑ ጋር መቀበል፣ ከዚያም በሟቹ መደበኛ መኖሪያ ቀበሌ ወይም ወረዳ ለሚገኘው የክብር መዝገብ ሹም ማቅረብ ያስፈልጋል።

አበሉን ማስቆምና የተተኪነት ጥያቄ ማቅረብ

ቤተሰቡ ሞቱን ለማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በቶሎ ማሳወቅ አለበት። ብዙዎች «እስኪጣራ ድረስ ልጆቹ ይብሉበት» በማለት የሟቹን አበል በባንክ ካርዱ ወይም በውክልና ማውጣት ይቀጥላሉ። ይህ ቤተሰቡን ለችግር ያጋልጣል። ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ስለዚህ በሕይወት ዘመኑ አበሉን ይቀበልለት የነበረው ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ከሞቱ በኋላ በዚያ ሰነድ ሊጠቀም አይችልም። ሳይገባ የተወሰደ ገንዘብም ተመላሽ እንዲሆን ስለሚጠየቅ፣ ቤተሰቡ በሐዘኑ ላይ ዕዳ ይጨመርበታል። የሟቹ አበል መቆሙና የተተኪዎች አበል መጀመሩ የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

ለጥያቄው የሚከተሉት ማስረጃዎች እንዲዘጋጁ ይመከራል፦

- የሞት የምስክር ወረቀት፤
- የሟቹ የጡረታ መታወቂያ፣ የመሰናበቻ ደብዳቤ፣ የወታደራዊ መለያ ቁጥር ያለበት ማናቸውም ሰነድና የጉዳቱ መጠን የተወሰነበት የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፤
- የጋብቻ የምስክር ወረቀት፤
- የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት፤
- ወላጆች ጠያቂ ከሆኑ በሟቹ ይረዱ እንደነበር የሚያስረዳ ማስረጃ፤
- የጠያቂዎች የነዋሪነት መታወቂያ ወይም የፋይዳ መታወቂያና ፎቶግራፍ፤
- በጠያቂው ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቁጥር።

ዋናው ሰነድ ሲቀርብ ኮፒውን በእጅ ማስቀረት፣ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር መያዝ ተገቢ ነው። ራሳቸው መቅረብ የማይችሉ ባለመብቶች ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ አካል ፊት አዲስ ውክልና በራሳቸው ስም ሊሰጡ ይችላሉ። የጡረታ መብት የሚጠየቅበት ጊዜ በይርጋ የተገደበ በመሆኑ ጉዳዩን ማዘግየት አይመከርም።

ጉዳዩን «በቶሎ አስጨርሳለሁ» በማለት ከአበሉ ድርሻ የሚጠይቁ ደላሎች በየጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ባለጉዳዮች ዋና ሰነዶቻቸውንና የባንክ ካርዳቸውን ለማንም አሳልፈው መስጠት የለባቸውም።

የስም ልዩነት ሲኖር

በሠራዊት አባላት ቤተሰቦች ዘንድ ተደጋግሞ የሚታይ ችግር የስም አለመጣጣም ነው። ሟቹ በሠራዊቱ መዝገብ በአንድ ስም፣ በቀበሌ በሌላ ስም ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። በበረሃ ስሙ ሲጠራ ኖሮ በዚያው የተመዘገበ አለ። የአያቱ ስም የተዘለለበት፣ የአባቱ ስም በ«ኃይሌ» ፈንታ «ሀይሌ» ተብሎ የተጻፈበትም ብዙ ነው። የፊደል ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም፣ ልጆች የሚጠሩት በአባታቸው ስም ስለሆነ የልደት የምስክር ወረቀታቸው ከሟቹ የጡረታ ማኅደር ጋር ሳይጣጣም ይቀራል።

ስለሆነም ቤተሰቡ ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስሞችን፣ የትውልድ ዘመንንና የመለያ ቁጥሮችን ማነጻጸር አለበት። የትውልድ ዘመን በአንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ የተለያየ ሊመስል እንደሚችልም ልብ ማለት ያስፈልጋል። እውነተኛ ልዩነት ከተገኘ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ውሳኔ ለማግኘት ወደ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ሟቹን በሠራዊቱ ውስጥ የሚያውቁ የቀድሞ ጓዶቹ በዚህ ጊዜ ጠቃሚ ምስክሮች ይሆናሉ። ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ስማቸውንና ስልካቸውን መያዝ በኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል።

የጋብቻ ወይም የልጅነት ማስረጃ ያልተገኘ እንደሆነ

በሽማግሌ፣ በባህል ወይም በሃይማኖት ሥርዓት ተጋብተው ጋብቻቸውን ያላስመዘገቡ ባለትዳሮች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻንም ይቀበላል። የጋብቻ የምስክር ወረቀት ባይኖር፣ ሁለቱ ሰዎች በቤተ ዘመድና በአካባቢያቸው እንደ ባልና ሚስት ይታዩ እንደነበር በምስክሮች ሊረጋገጥ ይችላል። የልጅነት ጉዳይም በተመሳሳይ ሁኔታ የሚረጋገጥበት መንገድ አለ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አባትነቱ በሕግ እስከተረጋገጠለት ድረስ በጋብቻ ከተወለደው ያነሰ መብት የለውም።

ጋብቻ ሳይፈጸም አብረው ሲኖሩ የነበሩ ሰዎች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ሁኔታ ያለች ሴት ከማመልከቷ በፊት የሕግ ምክር እንድታገኝ ይመከራል። በጋብቻ ወይም በልጅነት ላይ ክርክር ሲነሣ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩን የቤተሰብ ሽማግሌዎች አስቀድመው በእርጋታ ቢያዩት፣ ልጆቹ በክርክር መካከል ያለ አበል እንዳይቆዩ ይረዳል።

ስታስታምም ለኖረችው ሴት

ለጦር ጉዳተኛው ከአበሉ በላይ የሕይወቱ ምሰሶ ሆና የምትቆየው አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ፣ እናቱ ወይም ሴት ልጁ ናት። ለዓመታት ስታገላብጠው፣ ቁስሉን ስታጥብ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ስትገፋው የኖረች ሴት፣ እርሱ ሲያርፍ ከሐዘኑ ባሻገር የዕለት ሥራዋ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ሌሊት እርሱን ለማገላበጥ ትነቃበት በነበረው ሰዓት መንቃቷ፣ «ምን ጎደለብኝ፣ ምን አጠፋሁ» እያለች ራሷን መውቀሷ፣ አንዳንዴም «ተገላገለ፤ ተገላገልኩ» የሚል ስሜት ሽው ብሎባት በዚያው ማፈሯ በአስታማሚዎች ላይ የሚታይ የሐዘን ጠባይ ነው። ፍቅር ማነሱን አያመለክትም።

ለቅሶ ደራሽ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። የቤተ ዘመድና የጎረቤት ድጋፍ የበለጠ የሚያስፈልገውም በዚያን ጊዜ ነው። አንዱ ልጆቹን ትምህርት ቤት ቢያደርስ፣ ሌላው ወደ ጽሕፈት ቤት አብሮ ቢሄድ፣ ሌላዋ ቡና አፍልታ አብራት ብትቀመጥ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል። ሐዘንተኛዋ ለብዙ ሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከራቃት፣ ልጆቿን መንከባከብ ካቃታት፣ ወይም የመኖር ፍላጎቷ እንደጠፋ ከተናገረች በቅርብ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲነገር ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ዕለት ሕክምና ማግኘትና ብቻዋን አለመተው ያስፈልጋል።

ለልጆችም እውነቱ በዕድሜያቸው ልክ ሊነገራቸው ይገባል። «አባባ ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለ ሕፃን መምጣቱን እየጠበቀ ይቆያል፤ እውነቱን ከውጭ ሲሰማ ደግሞ በሚወዳቸው ላይ ያለው እምነት ይናጋል። አባታቸው ታሞ መሞቱንና የሞተውም በእነርሱ ጥፋት አለመሆኑን በቀላል ቃል መንገር ይሻላል። መምህራቸውም እንዲያውቅ ማድረግ ተገቢ ነው።

በግል ድርጅት የሚሠሩ የቤተሰቡ አባላት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ሲሞት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀናት የሐዘን ፈቃድ አላቸው።

በቤት የቀሩ የሕመምተኛው መድኃኒቶች፣ በተለይ ጠንካራ ማስታገሻዎች፣ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ተቀምጠው ወደ ጤና ተቋም ሊመለሱ ይገባል። ተሽከርካሪ ወንበር፣ ክራንች ወይም ሰው ሠራሽ አካል በውሰት የተሰጠ እንደሆነ ሰጪውን ተቋም ማነጋገር ያስፈልጋል። የቤተሰቡ ንብረት ከሆነ ደግሞ ለሌላ አካል ጉዳተኛ ሊውል ይችላል።

አበሉ ለማይበቃቸው ወይም የተተኪነት መብት ለሌላቸው

የተተኪ አበል ሟቹ ያገኝ ከነበረው ሊያንስ ስለሚችል የቤተሰቡ ገቢ ሊቀንስ ይችላል። የአበል መብት የማይኖረውም ቤተሰብ አለ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ሁኔታውን ማስረዳት ይችላል። በገጠርም ሆነ በተመረጡ ከተሞች የሚሠራበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች ችግረኞች ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ተጠቃሚዎች የሚለዩት በአካባቢው ኅብረተሰብ ተሳትፎ በመሆኑ፣ የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታ መለወጡን ለቀበሌው ማሳወቅ ተገቢ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በሟቹ ስም የተመዘገበ ከሆነ፣ የቤተሰቡ አገልግሎት እንዳይቋረጥ አባልነቱ በሌላ የቤተሰብ ኃላፊ ስም እንዲተካ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእድር አባልነትም እንዲሁ ነው። ሟቹ ከሞተ በኋላ ሚስቱ በአባልነት እንዴት እንደምትቀጥል መተዳደሪያ ደንቡን ማየትና ስሟን ማስመዝገብ ይበጃል። ከእድሩ የሚሰጠው ገንዘብና ከዘመድ የሚሰበሰበው መዋጮ በሙሉ ለተዝካር ድግስ ከመዋሉ በፊት፣ የተተኪ አበሉ እስኪወሰን ድረስ ለቤቱ ቀለብና ለልጆቹ ትምህርት የሚያስፈልገው ቢታሰብ ቤተሰቡን ከብድር ያድነዋል።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ ባለመብት

ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ወይም የአበሉ መጠን በስሕተት ተሰልቷል የሚል ተተኪ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት። በቃል የተሰጠ መልስ ለይግባኝ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ቅሬታውን በቅድሚያ ለተቋሙ፣ በመቀጠልም በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ አካል ሊያቀርብ ይችላል። ውሳኔ ሳይሰጥ መዘግየትና መጉላላት ሲያጋጥም ደግሞ የአስተዳደር በደልን ለሚመረምረው ለኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ

ሕመሙ እየጸና ባለበት ጊዜ ስለ ሰነድ ማንሣት ለብዙ ቤተሰቦች ሟርት ይመስላቸዋል። ሆኖም ከላይ ከተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ የጦር ጉዳተኛው ራሱ በሕይወት ሳለ በቀላሉ የሚፈቱ ናቸው። የስሙን ልዩነት ከእርሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ያልተመዘገበ ጋብቻን ባልና ሚስት አብረው ቀርበው ማስመዝገብ ይችላሉ። አባትነቱን ራሱ ያረጋግጣል። የመሰናበቻ ደብዳቤው፣ የሕክምና ቦርድ ውሳኔውና የጡረታ መታወቂያው የት እንዳሉ፣ አብረውት የቆሰሉትና ያገለገሉት እነማን እንደሆኑ የሚያውቀው እርሱ ነው። እነዚህን ወረቀቶች በአንድ ማኅደር አሰባስቦ ቦታውን ለቤተሰቡ ማሳየት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃው ሥራ ነው።

ሞት ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቤተሰቡ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን በመጀመሪያው ወር ውስጥ ማከናወን ይኖርበታል፦ ሞቱን በ30 ቀናት ውስጥ ማስመዝገብ፣ ለማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ማሳወቅ፣ የሟቹን የሕክምናና የአገልግሎት ሰነዶች ሳይጎድሉ ማስቀመጥ። የቀረው ሐዘኑ ጋብ ሲል ሊቀጥል ይችላል። ባለመብቶች ለዝርዝር መረጃ በአቅራቢያቸው በሚገኘው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትና በወረዳቸው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርበው መስተናገድ ይችላሉ።